ግንቡ አናት ላይ የበቀሉት ሰባት ዛፎች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ወደ ጣሊያኗ ከተማ ወደ ሉካ በደህና መጣችሁ።

የዚህን የጉዊኒጂ ግንብ ደረጃ ከመጀመራችን በፊት እስቲ አንድ አፍታ ቀና በሉ። ያ አናቱ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ዛፍ ነው። ሰባት ናቸው። 45 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጡብ በታጠረ መደብ አፈር ይዘው በቅለዋል። ጣሊያኖች ሌቾ ይሏቸዋል፤ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ የኦክ ዝርያ ነው። እዚህ ስኖር ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ዛሬም ባለፍኩ ቁጥር ቀና ሳልል አላልፍም።

ግንቡን ያሠሩት የጉዊኒጂ ቤተሰቦች ናቸው። ሐር የሚነግዱ፣ ገንዘብ የሚያበድሩ ሰዎች ነበሩ። በመካከለኛው ዘመን እዚህ አገር ሀብታም ቤተሰብ ግንብ ያቆማል። ለመከላከያ ይሆናል፤ ግን ደግሞ ጎረቤት እንዲያይ ነው። የእገሌ ግንብ ከእኛ በለጠ መባል ያንገበግብ ነበር። ሉካ በግንብ ተሞልታ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት በጣት ይቆጠራሉ።

ከቤተሰቡ ፓኦሎ የሚባለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1400 የከተማዋ ገዥ ሆነ። 30 ዓመት ገዛ። በ1430 ከሥልጣን አወረዱት፤ በ1432 ፓቪያ በምትባል ከተማ እንደታሰረ ሞተ።

ሚስቱ ኢላሪያ ደል ካሬቶ ቀድማው ሄዳለች። በ1405፣ ሁለተኛ ልጇን ወልዳ፣ በአራስነቷ። ቀራፂው ያኮፖ ዴላ ኴርቻ በእብነ በረድ ቀርጿታል። ዓይኗን ከድና ተኝታለች። እግሯ ሥር ትንሽ ውሻ ቀና ብሎ ያያታል፤ የምትነሳ መስሎት የሚጠብቅ ይመስላል። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ቃል አልወጣኝም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከዚህ ሁሉ ግንብ እሷ ትበልጥብኛለች።

ግንቡን የጉዊኒጂ ዘሮች ለከተማው ሰጡ። አንድ ቤተሰብ ለራሱ ክብር ያቆመውን፣ አሁን እኔና እናንተ ትኬት ቆርጠን እንወጣዋለን። ይህ እጅግ ደስ ይለኛል።

ደረጃው 230 ያህል ነው፤ ላይኛው ጠበብ ይላል። እናቶች፣ አትቸኩሉ፤ እየተጠባበቅን እንወጣለን። ላይ ስትደርሱ ሥሩን እንዳትረግጡ፣ ለማስታወሻ ብላችሁም ቅጠል እንዳትቀነጥሱ አደራ። ስንወርድ በእግራችን ወደ ሳን ማርቲኖ ካቴድራል፣ ወደ ኢላሪያ እንሄዳለን።

በሉ፣ ልጆች ከፊት ይሁኑ። እኔ ከኋላ አለሁ።