ድመቷ አልጋ ላይ ስትሸና

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ድመት ሽንት ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ርዕስ ነው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ነፍስ የሚያተርፍ ጉዳይ ነው።

ድመት ካላቸው ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ተበላሸችብኝ፤ አልጋዬ ላይ ሸናች።» «ጥያት ስለሄድኩ ተናዳብኝ ነው።» ይህን ስሰማ በጣም አዝናለሁ። ድመት ለበቀል አትሸናም። በተፈጥሮዋ ንጹሕ ናት፤ ቆፍራ ሸንታ አፈር የምታለብስ እንስሳ ናት። ይህን ልማዷን ትታ ምንጣፍ ላይ ከሸናች መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሕመም ነው። ሽንቷ ያቃጥላታል እንበል። ቤት ውስጥ የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን ውስጥ በገባች ቁጥር ካመማት፣ ሕመሙን ከሳጥኑ ጋር ታገናኘዋለች። ስለዚህ ሳጥኑን ትሸሻለች። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ትሞክራለች፣ ልብስ ላይ ትሞክራለች። እኛ ደግሞ እንቆጣታለን። የታመመ ፍጥረት ላይ መጮህ ማለት ነው እኮ!

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። የሽንቷ ነገር ግን ያጋልጣታል፤ ለዚህ ነው አሸዋውን ሳጸዳ ዝም ብዬ የማልደፋው። ሽንት ሲነካው የሚጓጎል አሸዋ የምትጠቀሙ ከሆነ በጣም ቀላል ነው። ጓጓላዎቹ ትንንሽና ብዙ ከሆኑ ድመቷ ቶሎ ቶሎ እየመጣች ጠብ ጠብ እያደረገች ነው። ሽንቱ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ደም አለበት። ስትሸና መጮህ፣ ብልቷን ደጋግማ መላስ፣ ቁጢጥ ብላ ብዙ መቆየት፣ እነዚህም ምልክቶች ናቸው።

ወንድ ድመት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ነብሮ የሚባል ወንድ ድመት አለኝ። አንድ ማታ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፣ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይገባል። አሸዋውን ሳየው ደረቅ ነው። እስኪነጋ አልጠበቅኩም፤ ይዤው ወጣሁ። ሐኪሟ ሆዱን ስትዳስሰው ፊኛው እንደ ብርቱካን ደንድኗል። የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ነበር። አደንዝዛ ቀጭን ቱቦ አስገባችለትና ሽንቱ ወጣ። ከዚያ በደም ሥሩ ፈሳሽ እየተሰጠው እዚያው ቆየ።

የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ወደ ጫፉ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። የሴቷ አጭርና ሰፋ ያለ ነው። ስለዚህ ንፍጥ መሰል ነገርና ደቃቅ ክሪስታል ተጣብቆ፣ ወይም ትንሽ ጠጠር ተሰንቅሮ ሊዘጋው ይችላል። ሽንት መውጫ ሲያጣ ኩላሊት ቆሻሻውን ማስወገድ ያቅተዋል። ደም ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይከማቻል። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምት ይዛባል፤ ልብ እስከ መቆም ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ማስታወክ ከጀመረ፣ ከደከመ፣ ምግብ እምቢ ካለ ጊዜው እያለቀ ነው።

ብዙ ሰው ሲያምጥ አይቶ «ሆዱ ደርቆ ነው» ይልና ዘይት ያጠጣዋል። በዚህ መሀል ውድ ሰዓታት ይባክናሉ። ሆዱን በእጅ ተጭኖ ሽንቱን ለማስወጣት መሞከርም አደገኛ ነው፤ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። የሰው ማስታገሻ ደግሞ በፍጹም አትስጡ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ሁሉም የሽንት ችግር መዘጋት አይደለም። በወጣት ድመቶች ላይ በብዛት የሚታየው ምክንያቱ በግልጽ የማይታወቅ የፊኛ መቆጣት ነው። ጭንቀት ያባብሰዋል። የቤት ለውጥ፣ አዲስ እንስሳ፣ ከሌላ ድመት ጋር መጣላት በቂ ነው። ባክቴሪያ በወጣቶቹ ላይ ብዙም አይገኝም፤ ስለዚህ ሳይመረመሩ አንቲባዮቲክ መስጠት አይገባኝም። ጠጠር ከሆነም ዓይነቱ ይለያያል። ስትሩቫይት የሚባለው በልዩ ምግብ ይሟሟል፤ ካልሲየም ኦክሳሌት ግን አይሟሟም።

ያረጁ ድመቶች ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ተመልከቱ። ጓጓላው ትልልቅ ሲሆን፣ የውኃ ሳህኑ ቶሎ ቶሎ ሲጎድል፣ ኩላሊትን ወይም ስኳርን መጠርጠር ነው። «ጥሩ ትጠጣለች» ብሎ መደሰት አያስፈልግም።

ስለ ውኃ ካነሳን፣ የቤት ድመት የዘር ሐረጓ ከደረቅ ምድር የዱር ድመት ነው የሚመዘዘው። ጥሟ ደካማ ነው፤ ሽንቷም ወፍራም ነው። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ እርጥቡ ምግብ ውስጥ ግን ከ75 በመቶ በላይ ይደርሳል። ነብሮ ከዳነ ወዲህ እርጥብ ምግብ ነው የማበላው፤ ውኃም በየክፍሉ አስቀምጣለሁ። ችግሩ ተመላላሽ ስለሆነ አሁንም ዓይኔን አልነቅልም። የአሸዋ ሳጥን ደግሞ ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ፤ ከምግባቸውም ይራቅ።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ በመጀመሪያ የምትጠየቁት «ለመጨረሻ ጊዜ ሲሸና ያያችሁት መቼ ነው?» የሚለውን ነው። ሰዓቱን ያዙ። ሲያምጥ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ክሊኒክ ሲደርስ ፈርቶ ጸጥ ሊል ይችላል። ወንድ ከሆነና ጠብታ እንኳ ካልወጣው ግን ቪዲዮውም ይቅር፤ እየደወላችሁ መንገድ ጀምሩ።