ወረደ፣ ይወርዳል፣ ወርዶ ነበር፦ በዘፈን ግጥም ውስጥ የግስ ጊዜ

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ። ጋቢ የደረበ ሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ደብተር አለ።]

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ በሁለት ስንኝ እንጀምር። ግጥም መጻፍ ስጀምር የጻፍኳቸው ናቸው።

[ጽሑፍ በስክሪን ላይ]
ጣርማ በር ጉም ለብሶ መኪናው ይወርዳል፣
ልቤ ከኋላዋ ተከትሎ ሄዷል።

ቤቱ ይመታል። ምጣኔውም ልክ ነው። ቀለም የምንለው ፊደሉን ሳይሆን ባንድ ምት የሚነገረውን ድምፅ ነው፤ «ጣር» አንድ፣ «ማ» ሁለት። ቁጠሩት፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ደግሞ ስድስት። የወል ቤት የምንለው ነው። ደስ ብሎኝ ለአክስቴ አነበብኩላት። እቴቴ ነው የምላት። የመንዝ ሰው ናት፤ ያን ቀን ሱፍ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን ሳታቆም ጠየቀችኝ።

«መኪናው ገና ይወርዳል ብለሃል። ልብህ ከኋላ ከሆነ፣ እንዴት ቀድሞ ሄደ?»

መልስ አልነበረኝም። ስንኞቹን ደጋግሜ አየኋቸው። የመጀመሪያው ገና አላለቀም፣ ሁለተኛው አልቋል። እኔ ግን እንደዚያ ማለት አልፈለግኩም ነበር። ታዲያ ማን አለው? ቤቱ ነው ያለው። «ይወርዳል» ብዬ ነበርና «ዳል» የሚል ፈለግኩ፤ «ሄዷል» ቀረብ ብሎ ጠበቀኝ፤ አነሳሁት።

ይህ በአማርኛ በጣም ያጋጥማል። ቋንቋችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ቤት የሚመታውም መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ካልተጠነቀቅን ጊዜውን የምንመርጠው እኛ መሆናችን ይቀርና ቤቱ ይመርጥልናል። ሰሚው ሰዋስው ባይቆጥርም የሆነ ነገር እንደተዛነፈ ይሰማዋል።

[ምስል፦ ጣርማ በር። መንገዱ፣ ዋሻው፣ ከታች ጉም።]

አሁን ጣርማ በር ላይ ነን። ይህ ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለ ነው። ከወዲህ ያለው ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከወዲያ መንገዱ ተጠማዝዞ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል።

አንድ መኪና ሲወርድ አስቡ። አፋፉ ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው «ወረደ» ይላል። ጉሙ ከዋጠው በኋላ ለሱ ነገሩ አልቋል። መኪናው ውስጥ ያለችው ስልኳን አንስታ «እየወረድን ነው» ትላለች። ደብረ ሲና መናኸሪያ የምትጠብቀው እናቷ ደግሞ «ይወርዳል፣ አሁን ይደርሳል» ትላለች። መኪናው አንድ ነው። ሦስት ዘፈን ግን ይወጣዋል።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ዘፋኙ የት ቆሟል? አፋፉ ላይ? መኪናው ውስጥ? ታች? ይህን ከወሰንኩ ጊዜው ራሱ ይመጣል። የእኔ ሰው አፋፉ ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ፦

[ጽሑፍ በስክሪን ላይ]
ጣርማ በር ጉም ለብሶ መኪናው ወረደ፣
ልቤ ከኋላዋ ተከትሎ ሄደ።

ምጣኔው አልተነካም። መኪናው ወረደ፣ ልቤም ተከተለ። ነገሩ ተራውን ያዘ።

[ምስል፦ ነጭ ሰሌዳ። «መምጣት» የሚለው ቃል።]

እስቲ «መምጣት»ን እንውሰድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአማርኛ ሀብት ያለው እዚህ ነው።

«መጥታለች» ስንል አሁን እዚህ አለች። ቤት ውስጥ ናት፣ ቡና ተፈልቷል። «መጥታ ነበር» ስንል ግን ሄዳለች። መጣች፣ አጣችኝ፣ ተመለሰች። በአንዲት «ነበር» በሩ ተዘጋ። ትካዜ የምትጽፉ ከሆነ ይህችን ቃል በከንቱ አትበትኗት። በየስንኙ «ነበር» ካለ የትኛውም አያምም።

«ትመጣ ነበር» ደግሞ ሌላ ነው። ልማድ ነው፤ በየቅዳሜው፣ በየገበያው። ወይም ደግሞ «ብትጠራት ኖሮ ትመጣ ነበር» ሲባል ያልሆነ ነገር ነው። አንዱ ናፍቆት ነው፣ አንዱ ጸጸት። ከፊቱ የምታስቀምጡት ቃል ይለየዋል።

«ትመጣለች» የሚለውን የቀድሞ መምህራን ትንቢት አንቀጽ ብለው ይጠሩታል። ስሙ ደስ ይለኛል። ሁልጊዜ ትመጣለች፣ ነገም ትመጣለች፤ ለሁለቱም አንድ መልክ ነው። ተስፋ ለሚዘፍን ሰው እንዲህ ያለ ግስ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ልማዱና ተስፋው ሳይለያዩ አንድ ቃል ውስጥ ያድራሉ።

«መጣሁ»ንም አትርሱ። ልጅ እናቱ ስትጠራው «መጣሁ!» ይላል። ገና አልተነሳም። ኀላፊ ግስ ነው፤ ሥራው ግን የተስፋ ቃል ነው። «በቃ፣ ሄድኩ» የሚል ሰውም በር ላይ ቆሞ ነው የሚለው። አዝማች ላይ «መጣሁ» የሚል ዘፋኝ ደረሰ ወይስ መንገድ ላይ ነው? ሆነ ብላችሁ ካደረጋችሁት ያምራል።

[ድምፅ፦ ክራር፣ በዝግታ።]

ቦዝ አንቀጽ፣ ብቻውን ሐሳብ የማይቋጨው ግስ፣ ደግሞ ለዜማ የተሠራ ይመስለኛል። እስቲ አድምጡ፦ ማልዳ ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሥላሴን ተሳልማ፣ እናቷን ስማ... እና? ሄደች? ቀረች? ተመልሳ ተኛች? ማሰሪያው ግስ እስኪመጣ ሰሚው ትንፋሹን ይይዛል። ማሰሪያውን ለአዝማቹ ማቆየት ይቻላል። ጨርሶ ሳይሰጡ መተውም ይቻላል። ግን አንድ ዘፈን ውስጥ አንዴ ነው፤ ሲደጋገም ሰሚው ይደክማል።

አሉታም ላይ አንድ ነገር ልበል። «እንቅልፍ አልመጣም» ወሬ ነው። «እንቅልፍ አልመጣ አለኝ» ስንል እንቅልፍ ሰው ሆኖ እንቢ አለ። «ዝናቡ አልዘንብ አለ»፣ «ልቤ አልረሳ አለ»፤ ነገሩ ሁሉ ፈቃድ ያገኛል። የገበሬ አነጋገር ነው። ስቱዲዮ ስንገባ ለምን እንደምንተወው አይገባኝም።

ከድሮዎቹም የምንማረው አለ። ፎካሪው «ገደልኩ» በማለት አይረካም፤ «ገዳይ» ይላል። ድርጊቱ አንድ ቀን ተደርጎ አያልቅም፤ ስሙ ሆኖ ይቀራል። አልቃሿም ሙሾ ስታወርድ ሟቹን «አንተ» ብላ ታናግረዋለች። ስለሱ ብቻ ብታወራ ሩቅ ይሆናል። ስትጠራው ግን ፊቷ ቆሟል። ለሄደ ሰው የምትጽፉት ግጥም ከደረቀባችሁ «እሷ» የሚለውን «አንቺ» አድርጋችሁ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ጊዜውም አብሮ ይስተካከላል።

ጾታ ስትቀይሩ ግን ቀለም ቁጠሩ። «መጣህ» እና «መጣሽ» እኩል ናቸው። «ና» እና «ነይ»ም እንዲሁ። «ሂድ» አንድ ቀለም ነው፣ «ሂጂ» ግን ሁለት። ለወንድ የተጻፈውን ለሴት ሲያዞሩት ዜማው የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። አንቱታው ደግሞ በረከትም ፈተናም አለው። «መጡ» ስንል እነሱ መጡ፣ እሳቸው መጡ፣ እርስዎ መጡ፤ ሦስቱም ይሆናል። ሰምና ወርቅ ለሚወድ ሰው እዚያ ውስጥ ብዙ ቦታ አለ።

አንድ ሌላ ነገር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይሰማል» ሲላላ ሰውየው ይሰማል፤ ሲጠብቅ ድምፁ ይሰማል። ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ስለዚህ ግጥሙን ለድምፃዊ ስትሰጡ አብራችሁ አንብቡለት። ዜማው የሚጠብቀውን ካላላው የጻፋችሁት ሌላ፣ የተዘፈነው ሌላ ይሆናል።

[ምስል፦ ደብተሩ በቅርበት። የተሰረዙ መስመሮች።]

ቤቱ ጊዜውን እየመረጠ ካስቸገራችሁ ደግሞ መውጫ አለ። ግሱን ከመጨረሻው ቦታ አንሱት። በወሬ «መኪናው በጉም ውስጥ ወረደ» እንላለን። ግጥም ግን «ወረደ መኪናው» ለማለት ይፈቅዳል። ያኔ መጨረሻው ለስም ይለቀቃል፤ ቤቱን ስሙ ይመታል፤ ግሱም የፈለገውን ጊዜ ይይዛል። በየስንኙ ካደረጋችሁት ግን ንግግሩ ይንጋደዳል።

ጊዜ መቀየር ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። ትናንት ተጀምሮ ዛሬ ላይ የሚያርፍ ግጥም አለ። የምለው፣ ጊዜው ሲቀየር ዘፋኙም አብሮ መንቀሳቀስ አለበት ነው። ያቺን የጣርማ በር ግጥም እንደገና የጻፍኳት በዚህ ሐሳብ ነው።

[ጽሑፍ በስክሪን ላይ]
ወረደ መኪናው በጣርማ በሩ ጉም፣
እኔ ቀረሁ እንጂ ልቤስ አብሮኝ የለም።

«ወረደ» ያለፈ ነው። «ቀረሁ»ም ያለፈ ነው። «የለም» ግን ዛሬ ነው። መኪናው የሄደው ያኔ ነው፤ ልቤ ግን አሁንም አልተመለሰም። ጊዜው የተቀየረው ቤት ለመምታት አይደለም። «እንጂ» የሚለው ቃል ላይ አፋፉን ትቼ ወደ ቤት ገብቻለሁ።

ለእቴቴ ወስጄ አነበብኩላት። ይህን ጊዜ እንዝርቷን አስቀመጠችው። ስለ መኪናው ምንም አላለችም።

«ለመሆኑ፣» አለችኝ፣ «ልጅቷ ማናት?»

[ክራሩ ይቀጥላል። ምስሉ ጉሙ ላይ ይቀራል።]