የክረምት ካምፕ በጎጃም፦ ዝናቡን ይዞ ውጭ መዋል

(ምስል፦ የጠዋት ጭጋግ፣ እርጥብ ሜዳ ላይ የተተከሉ ድንኳኖች)

ሰመር ካምፕ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፀሐይ፣ ዋናና ቁምጣ ነው። የኛ ተማሪ የሚያርፈው ግን ክረምት ላይ ነው። ያውም የጎጃም ክረምት። ሐምሌ ላይ እንጅባራ የመጣ ልጅ ቁምጣውን ከሻንጣ ሳያወጣ ነው የሚመለሰው።

ታዲያ ሠላሳ አርባ ወጣት ይዞ የመጣ አስተባባሪ ምን ያድርግ? አዳራሽ ውስጥ ዘግቶ ፊልም ያሳይ? ኧረ በጭራሽ! ውጭ መዋል ይቻላል። ዋናው ነገር ሰዓት ነው።

(ምስል፦ በኮረብታ ጠባብ መንገድ ተሰልፈው የሚሄዱ ወጣቶች)

እዚህ አገር ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነክረው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ የእግር ጉዞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ምሳ ካምፕ ይበላል። «ትንሽ እንተኛና 4 ሰዓት ላይ እንነሳ» ያለ ቡድን ዝናቡን ሜዳ ላይ ይቀበለዋል።

ዝናቡስ ያበሰብሳል እንጂ አይጎዳም። የሚያስፈራው መብረቅ ነው። ብልጭታ ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ማለት ነው። ጨዋታው ይቁም፣ ሁሉም ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግባ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሜዳ መሀል ብቻዋን የቆመች ዋርካ ሥር መጠለል ግን አይሞከርም። ልጆች መጀመሪያ የሚሮጡት ደግሞ ወደሷ ነው!

(ምስል፦ ደፍርሶ የሚወርድ ወንዝ)

ሁለተኛው የሚያስፈራ ነገር ወንዝ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። መጀመሪያ ቡድን በመራሁበት ክረምት ከጮቄ ተራራ ሥር አንዲት ትንሽ ወንዝ ጠዋት ተሻገርን። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ስንመለስ እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው፣ አንድ ጠብታ አልወረደም። ወንዙ ግን ሞልቶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ደራሽ ውሃ የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ገበሬ አይተውን መጥተው ባይከለክሉን ኖሮ እጅ ለእጅ ተያይዘን ልንገባ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ዳር ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከዚያ ወዲህ ወንዝ የሚያሻግር ጉዞ ፕሮግራሜ ውስጥ የለም። ከመውጣቴ በፊትም የአካባቢውን ሰው ስለ ወንዙም ሁኔታ ስለ መንገዱም ሰላም እጠይቃለሁ። አሁን ባለው ጊዜ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አያንስም።

ጮቄን ካነሳን፣ የተራራው ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ልጆቹን ከሐይቅ ዳር አንስታችሁ በአንድ ቀን ጅብራ ወደሚበቅልበት ከፍታ ብታወጧቸው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራቸዋል። ደብረ ማርቆስ አንድ ሁለት ሌሊት ይደሩ። ጂንስ ሱሪ ደግሞ ይቅር። አንዴ ከራሰ አይደርቅም፣ ሙቀት ይመጥጣል። ሱፍ ቢርስም ይሞቃል።

(ምስል፦ ገሳ የለበሰ እረኛ)

እረኛውን እዩት። ጀርባው ላይ ያለው ከሣር የተሠራ ገሳ ነው። ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ ለካምፕ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። አንድ ገሳ መሥራት የሚችል አባት ጋብዙ፣ ደህና አድርጋችሁ ክፈሏቸው፣ ልጆቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይማሩ። በማግሥቱ የሠሩትን ለብሰው ይውጡ። ግማሹ ያፈስሳል። ይሁን።

(ምስል፦ ጣና ላይ የደንገል ታንኳ)

ባሕር ዳር የሚያርፍ ቡድን መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋና ነው። መልሱ አይሆንም ነው። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ተሕዋሱ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና በቆዳ በኩል ይገባል፣ ሳይታወቅ። ጉማሬም አለ። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ በቡናው ጫካ ውስጥ መሄድ ግን ድንቅ ነው። በጠዋት ይሁን፣ የሕይወት አድን ጃኬት ያልለበሰ አይሳፈር።

ጢስ ዓባይን ለማየት ደግሞ ክረምት ነው ወቅቱ። በበጋ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይቀጥናል። በክረምት ግን ግድግዳውን ሙሉ ሸፍኖ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ዱላ ያዙ።

(ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ)

መቼ እንምጣ ለምትሉ፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ፍልሰታን ሕፃናትም ይጾማሉ። እስከ ከሰዓት ድረስ እህል ያልቀመሰ ልጅ ተራራ አይወጣም። ስለዚህ እስከ 15 ድረስ ቀለል ያለ ነገር ይሁን፦ ችግኝ መትከል፣ ገበጣ። ከባዱን ጉዞ ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት። እንቁጣጣሽ እስኪደርስ ከቆያችሁ ሴቶቹ ልጆች ከሰፈሩ ልጃገረዶች ጋር እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቀላ ይወጣሉ።

መካከል ላይ ግን ነሐሴ 13 አለ። ቡሄ! «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» ይባላል። አትመኑ፣ ላስቲካችሁን ያዙ። ቀደም ብላችሁ ጅራፍ አስገምዱ። የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ፊዚክስ መምህሩ አብሮ ከመጣ እዚያው ሜዳ ላይ ያስረዳ። አንድ ልጅ ሲያጮህ ሌሎቹ አሥር እርምጃ ይራቁ። ዓይን ቀልድ አያውቅም።

(ምስል፦ ጅራፍ የሚያነሳ የከተማ ልጅ)

የከተማ ልጅ መጀመሪያ የራሱን ባት ነው የሚገርፈው። እረኞቹ ዳር ቆመው ይስቃሉ። ሦስተኛ ቀን ላይ አንዱ ይሳካለታል፣ ጧ! ያደርገዋል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ከማዶው ተራራ ሌላ ጅራፍ ይመልስለታል።