ጳጉሜን የዘለለው ዶክመንቴሽን

አካም ኦልተን፣ እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ።

ከአንዲት ልጅ ስልክ ልጀምር። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ በሚቀይረው ላይብረሪያችን (ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ ነው) ለአንድ ክሊኒክ የምዝገባ ፕሮግራም ትሠራ ነበር። «ጋሼ፣ ጳጉሜ የተወለደ ሕፃን አይመዘገብልኝም» አለችኝ።

ኮዷን ከፍቼ አየሁት። ወሩ ከ12 ከበለጠ «ስህተት» ብሎ የሚመልስ መስመር ጽፋለች። ለምን ስላት የእኛኑ ዶክመንቴሽን፣ ማለትም የኮዱን የአጠቃቀም ማብራሪያ፣ አሳየችኝ። «ወር፦ ከ1 እስከ 12» ይላል። ኮዱ 13ኛውን ወር መቀበል ከጀመረ ቆይቷል፤ ጽሑፉን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ያልናትን ነው ያመነችው። ያን ቀን በጣም አፈርኩ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የዶክመንቴሽኑ ገጾች የሚመነጩት አንዳችን ትዝ ሲለን ነበር። ገጾቹ ሲመነጩ ጉድለት የሚጠቁመው ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ ይግተለተላል፣ ማንም አያነበውም፣ መጨረሻ ላይ «ተሳክቷል» ይላል።

ስለዚህ ስፊንክስን ቢልዱ ውስጥ፣ ማለትም ኮዱን ለሪሊዝ (ለሚወጣው አዲስ እትም) በራሱ የሚያዘጋጀው ሂደት ውስጥ፣ አስገባነው። ስፊንክስ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 የወጣ፣ መጀመሪያ ፓይተን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዶክመንቴሽን የተሠራ መሣሪያ ነው። ኦቶዶክ የሚባለው ክፍሉ ማብራሪያውን በቀጥታ ከኮዱ ውስጥ ያነባል። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ነው የሚጠረቡት። ኮድና ማብራሪያም እንደዚያ ቢሆኑ ነው ምኞቴ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ስህተት የሚቆጥረውን ምርጫ አበራን። አሁን አንዲት ማስጠንቀቂያ ካለች ቢልዱ ይወድቃል። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር፤ የተሰበረ ሊንክ ስንለቅም ዋልን።

ይሄም ግን የጳጉሜን ስህተት አይዝም። «ከ1 እስከ 12» እንከን የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማሽን ሐሰት መሆኑን በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ዶክቴስት ይመጣል። ማብራሪያው ውስጥ ምሳሌ ትጽፋላችሁ፦ ዓመት 2015፣ ወር 13፣ ቀን 6 ሲሰጠው መልሱ ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው። ቢልዱ ምሳሌውን የእውነት ያስኬደዋል። መልሱ ካልገጠመ ሪሊዝ የለም። ጳጉሜ 6ን የመረጥነው አስበንበት ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፣ ስህተት የሚደበቀውም እንዲህ ያለ ቀን ላይ ነው። ደግሞም ያቺ ልጅ ይህን ምሳሌ አይታ ቢሆን ኖሮ 13 ቁጥርን በዓይኗ ታየው ነበር።

ኔትወርክ እንዴት እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግርም። ያው ቢልድ ገጾቹን በዚፕ ጠቅልሎ ከየሪሊዙ ጋር ያወጣል። ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ያለ ተማሪ አንዴ ካወረደው ያለ ዳታ ያነበዋል፤ መፈለጊያው ሳይቀር ይሠራል።

ምሳሌ ያልተጻፈላቸው ፈንክሽኖች (አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮዱ ክፍሎች) ዝርዝር እዚህ ፍላሽ ላይ አለ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ቡናው እስኪቀርብ አንድ አንድ ውሰዱልኝ።