ዝናቡን ማኪያቶ የሚጋብዘው ፓርክ | ቤንጃኪቲ፣ ባንኮክ

ዝናብ ሲመጣ ከተማ ምን ማድረግ አለበት? «ቶሎ ማስወጣት ነዋ!» ትላላችሁ። ትልቅ ቱቦ ቅበር፣ ሰፊ ቦይ ቆፍር፣ ውሃውን ጠርገህ ወንዝ ውስጥ ጨምር፣ ተገላገል። ከእኔ ደጅ ይሂድ እንጂ የታች ሰፈር ሰው ምን ይሁን ምን፣ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። ዛሬ የማሳያችሁ ፓርክ ግን ውሃውን አያባርርም። «ና ግባ፣ አረፍ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል?» ነው የሚለው።

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ! ያለሁት ባንኮክ ነው። መቼም ባንኮክ ሲባል ለሐበሻ መጀመሪያ የሚመጣለት ሕክምና ነው፤ እኔም አክስቴን ለምርመራ ይዤ ነው የመጣሁት። ደህና ናት፣ እናመሰግናለን። ቡምሩንግራድ ሆስፒታል ያለበት የናና ሰፈር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፣ መንገድ ላይ አማርኛ ትሰማላችሁ። እና ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ የሆቴል ጣሪያ ስትቆጥሩ ከምትውሉ፣ ከዛው ሰፈር በባጃጅ፣ እነሱ ቱክቱክ ነው የሚሉት፣ ብድግ በሉና ቤንጃኪቲ ፓርክ ግቡ። መግቢያው በነፃ ነው። በነፃ!

(ምስል፦ ፓርኩ ከላይ፣ ዙሪያውን ፎቅ)

ይሄ የምታዩት ቦታ የትምባሆ ፋብሪካ ነበር። የመንግሥት ትምባሆ፣ መጋዘኑ፣ ማሽኑ፣ አስፋልቱ፣ ሁሉም እዚህ። ሐይቁ ያለበት የቆየው ክፍል በ2004 ተከፈተ፤ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ እንዳትደናገሩ። ፋብሪካው ለቆ ሲወጣ ደግሞ በከተማው እምብርት ከ40 ሄክታር በላይ መሬት ተገኘ። ይሄንን ለአክስቴ ስነግራት ምን አለች መሰላችሁ? «አንተ ልጅ፣ ይሄን የሚያህል ቦታ እንዴት ኮንዶሚኒየም ሳይሠሩበት ቀሩ?» የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አትፍረዱባት።

እነሱ ግን ረግረግ ሠሩበት። አዎ፣ ረግረግ! በ2022 ተከፈተ። ዲዛይኑን የሠሩት ቻይናዊው ዩ ኮንግጂያንና ድርጅታቸው ከታይላንድ አርክቴክቶች ጋር ሆነው ነው። ዩ የገበሬ ልጅ ናቸው። «ከተማ ውሃን አይጣላው፣ እንደ ስፖንጅ ይምጠጠው» እያሉ ለዓመታት ሲወተውቱ ሰሚ አልነበራቸውም። በ2012 ሐምሌ ቤጂንግን ጎርፍ መትቶ 79 ሰው ሲሞት ነው ጆሮ ያገኙት። ከዛ በኋላ «ስፖንጅ ከተማ» የቻይና መንግሥት ፖሊሲ ሆነ። በ2025 መስከረም ብራዚል ውስጥ ስለዚሁ ሥራቸው ዘጋቢ ፊልም ሲቀረጹ ትንሽ አውሮፕላን ተከስክሳ አረፉ። የ62 ዓመት ሰው ነበሩ። ነፍስ ይማር።

እሺ፣ ስፖንጅ አሉ እሳቸው። እኔ ግን ስፖንጁ ብዙም አይጥመኝም። እኔ መገናኛን ነው የማስበው።

መገናኛ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። ቢሮ ተለቋል፣ ትምህርት ቤት ተለቋል፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ መገናኛ ላይ ፈሰሰ። ታክሲው ግን ስንት ነው? እኩለ ቀን ላይ የነበረው ነው። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «የሞላ! የሞላ! አንድ ሰው!» እያለ፣ ውስጡ ወና ሆኖ ሲለምን የነበረው ያው ታክሲ ነው። አሁን ያው ረዳት ዞር ብሎም አያያችሁም። ሰው አልበዛም፣ ታክሲ አልጎደለም፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። ከዛ ግፊያው፣ ክርኑ፣ ጩኸቱ፤ የአንዷ ጫማ ይወልቃል፣ የአንዱ ስልክ ያለ ባለቤቱ ይሳፈራል። ጎርፍ ማለት ይሄ ነው በቃ። ሰዉ ዝናብ፣ ታክሲው ቱቦ።

መፍትሔውስ? «ታክሲ ይጨመር» የሚል አለ። እሺ ይጨመር። ግን ለዛች ለአንዲት ሰዓት ግርግር ስንት ታክሲ ትገዛላችሁ? ቀሪውን ቀን የት ታቆሙታላችሁ? ቱቦም እንዲሁ ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ለሚመጣ ዶፍ ብላችሁ መኪና የሚያስገባ ቱቦ ከተማውን ሁሉ ስትቀብሩ ልትኖሩ ነው።

ብልጡ ተሳፋሪ ምን ያደርጋል? ታውቁታላችሁ፤ ከእናንተም መሃል አለ። ሰልፉን አየት ያደርግና ዘወር ብሎ ካፌ ይገባል። ማኪያቶ ያዛል። በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ሊስትሮው ይመጣል፣ ጫማው ይጠረጋል። የሰፈር ልጅ ያገኛል፣ ስለ አርሴናል ይከራከራል። (የአርሴናል ደጋፊዎች፣ ዛሬ ምንም አላልኩም፤ ኮመንት ላይ እንዳትወርዱብኝ።) ማታ 1 ሰዓት ተኩል ሲል ሒሳብ ከፍሎ ይነሳል። ረዳቱ «የሞላ! አንድ ሰው!» ይለዋል። መስኮት ዳር ተቀምጦ፣ ጫማው እያብረቀረቀ፣ ቤቱ ይገባል።

ቤንጃኪቲ ካፌው ነው። ዝናቡ ደንበኛው ነው። ሊስትሮው ደግሞ ሳሩ፣ ውሃውን የሚያጸዳው እሱ ነው። ይቺን ምሳሌ ካገኘሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አክስቴን ቀስቅሼ ልነግራት ምንም አልቀረኝም። ምሳሌዋ ከጣመቻችሁ ላይክ በሉኝ፤ ካልጣመቻችሁም ላይክ በሉኝ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደግሞ አሁኑኑ፣ እጃችሁ ስልኩ ላይ እያለ።

ቴክኒኩን በፍጥነት ልበለው፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው። መሬቱን ቆፈሩ፣ አፈሩን በመኪና ጭነው አላስወጡም፤ እዛው ከምረው በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ደሴቶች አደረጉት። የተቆፈረው ውሃ መያዣ ሆነ፣ የተከመረው ዛፍ መትከያ። የፈረሰውን ኮንክሪትም እዛው መልሰው ተጠቀሙበት። የሚተከለው ዛፍ አብዛኛው ችግኝ ነበር፤ ትልቅ ዛፍ በክሬን አልመጣም። ክረምት ውሃው ከፍ ይላል፣ በጋ ይወርዳል፤ ተክሉ ሁለቱንም የሚችል ነው። በዳር በኩል ደግሞ የቦይ ውሃ በዕፅዋት መሃል ቀስ እያለ ያልፋል፤ ቀስ ሲል ደለሉ ይዘቅጣል፣ ሥር ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይሰባብሩታል፣ ከቆሻሻው የሚቀሩትን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ተክሉ እንደ ማዳበሪያ ይመገባቸዋል። ጨረስን! ቴክኒኩ ይኸው ነው።

ቆይ፣ አንድ ስሌት ብቻ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 50 ሚሊሜትር ዶፍ 40 ሄክታር ላይ ቢወርድ 20 ሚሊዮን ሊትር። 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 2,000 ቦቴ! ይሄ ሁሉ አስፋልት ላይ ቢወርድ ኖሮ አብዛኛው ወዲያው ቱቦ ፍለጋ ይሮጥ ነበር። ባንኮክ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ብትሆን ነው፤ አፈሯ ጭቃ፣ ሜዳ። ውሃው በራሱ ቁልቁል አይሄድላትም፣ በፓምፕ ነው የሚገፋው። ፓምፑ እስኪደርስ የሚጠበቅበት ካፌ የግድ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ፓርኩን በአጭር ቪዲዮ ከለጠፍኩ ጀምሮ አንድ ነገር ነው የምትጽፉልኝ። «ወንድሜ፣ ረግረግ ማለት ወባ ማለት ነው። ከተማ መሃል የወባ ፋብሪካ ሠርተው ታደንቃለህ?» አንዱ፣ ሁለቱ፣ ሦስቱ፣ ሁላችሁም ወባ፣ ወባ፣ ወባ። እንግዲህ እናውራው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቆላ ያደገ ሰው፣ «ያቆረውን ውሃ አፋስሱ» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ረግረግ ሲያይ ትኩሳቱ ነው የሚመጣበት። ግን ጥያቄው የትኛዋ ትንኝ፣ የት ትፈለፈላለች ነው። ወባን በአገራችን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው ትንንሽ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ዓሣ የሌለበት ውሃ ነው። የከብት ኮቴ ያቆረው፣ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው። ባንኮክ ላይ የሚፈራው ደግሞ የደንጌ ትኩሳት ነው፤ የእሱ ትንኝ ቤቷ የአበባ ማስቀመጫ፣ አሮጌ ጎማ፣ ክዳን የሌለው ባልዲ ነው። እዚህ ፓርክ ውስጥ ግን ዓሣ አለ፣ የውኃ ተርብ አለ፣ ወፍ አለ። የትንኝ እጭ እዚህ መወለድ ማለት ምግብ ቤት ውስጥ ምግብ ሆኖ መወለድ ነው።

ይልቅ ከፈራችሁ ይቺን ፍሩ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆና የተገኘችው እሷ ናት። የት ትራባለች? ረግረግ ውስጥ? የለም! በርሜል ውስጥ፣ ሮቶ ውስጥ፣ ለግንባታ ውሃ በተያዘበት ጉድጓድ። ረግረጉን ስትረግሙ በረንዳችሁ ላይ ያለው በርሜል ክዳኑ የት ነው?

በደንብ ያልተያዘ ረግረግ፣ ቆሻሻ የተጣለበት፣ ዓሣው ያለቀበት፣ እሱ ትንኝ ያፈራል፤ ይሄን አልክድም። እዚህም ወደ ማታ ስትሄዱ የትንኝ ቅባት ተቀቡ፤ ታይላንድ ናት እኮ።

ሌላው ጥያቄ፣ «ስፖንጅ ከሆነ ቻይና ውስጥ ለምን ጎርፍ አልቆመም?» ይሄኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። ዠንግዡ ለስፖንጅ ከተማነት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰች ከተማ ናት። ሐምሌ 2021 ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ 201.9 ሚሊሜትር ዘነበባት። ብዙ መቶ ሰው አለቀ፤ የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ሳይቀር ሰው ሞተ። እንዲህ ያለው ሲመጣ ካፌውም ይሞላል፣ ወንበር ያልቃል። ፓርክ ማስጠንቀቂያንና ቶሎ መውጣትን አይተካም፤ «ስፖንጅ አለን» ብሎ የተኛ ከንቲባ ካለ ቶሎ ይንቃ።

አዲስ አበባ ላይስ ይሠራል? በቀጥታ ገልብጦ መውሰድ አይሆንም። ባንኮክ ላይ ውሃው ይተኛል፣ እኛ ጋ ይሮጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው እንጦጦ ተነስቶ አቃቂ እስኪደርስ ቁልቁል ነው። ስለዚህ እኛ የሚያስፈልገን አንድ ትልቅ ካፌ ታች ላይ ሳይሆን ከላይ ጀምሮ በየመንገዱ ትንንሽ ማረፊያ ነው፦ እርከን፣ ዛፍ ያለበት ዳገት፣ ወንዝ ዳር ሳይደፈን የተተወ ሜዳ። በእኔ አስተያየት ወንዝ ዳር ስናስውብ ድንጋዩን በሲሚንቶ ማያያዝ ትንሽ አብዝተነዋል። ውሃ የሚቀመጥበት ቄጠማ ቢቀር ምን ነበረበት?

(ምስል፦ የሰማይ ድልድዩ፣ ዝናብ)

እንግዲህ ስትመጡ። ከዛፉ በላይ የሚሄድ የእግረኛ ድልድይ አለ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት ያለው፤ እሱን አትለፉት። ሌላው ሰው ከዝናብ ሲሸሽ እናንተ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡበት። እኔ ስወጣ አንዷ ደሴት ጠርዝ ላይ ጭቃው ላይ የወፍ ዱካ ነበር፣ ጥርት ያለ፣ ሦስት ሦስት ጣት። ውጪ መንገዱ ላይ መኪናው ውሃ እየረጨ ይጮሃል። እኔ ቁልቁል ጭቃውን አያለሁ። ውሃው አይሮጥም፣ አይጮህም፤ አንዱን ዱካ ዋጠ፣ ከዛ የሚቀጥለውን፣ ከዛ የሚቀጥለውን። በዛው አንድ አርጃኖ፣ ክንድ ተኩል ይሆናል፣ ምላሱን እያወጣ እየዋኘ አለፈ። አይነካችሁም፣ አትንኩት። አክስቴ ግን «አዞ!» ብላ እስካሁን ለአገር ቤት ሰው በቫይበር እያወራች ነው።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ድንገት መዝሙር ይከፈታል፣ የሚሮጠውም የሚራመደውም ባለበት ቀጥ ይላል። ብሔራዊ መዝሙራቸው ነው፤ እናንተም ቁሙ። እኔ መክሰስ እየበላሁ ነበር፤ አፌ ሙሉ እንደሆነ ቆምኩ።

የሚቀጥለው ቪዲዮ እዚሁ ባንኮክ ነው፦ ውሃው ራሱ ወደ ኩሬው እንዲወርድ ተብሎ መሬቱ 3 ዲግሪ ዘንበል ተደርጎ የተሠራው የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ የመቶኛ ዓመት ፓርክ። የደወሏን ምልክት ተጫኗት። አክስቴም ትኖራለች፣ ጥያቄ ካላችሁ ለእሷም ጻፉላት፤ ከእኔ የበለጠ ተከታይ እያፈራች ነው። ቻው!