ጭዱ የከዳው ምርጊት

(ደሴ ላይ ለወጌሻዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

ሰላም አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ! ከቆላውም ከደጋውም ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ወጌሻዎች፣ አመሰግናለሁ። ወጌሻና የአጥንት ሐኪም በአንድ አዳራሽ መቀመጣችን ራሱ ያስቀኛል፤ እስከ ዛሬ የምንተዋወቀው አንዳችን የሌላችንን ስናማ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ አጥንታቸው በትንሽ ነገር ደጋግሞ ስለሚሰበር ልጆች ነው። ሁለት የዶሮ ቅልጥም ይዤ መጥቻለሁ። ይቺ ኮምጣጤ ውስጥ ተዘፍዝፋ ከሳምንት በላይ ከርማለች። እዩዋት፣ እንደ ጎማ ትታጠፋለች። ይቺኛዋ ደግሞ ፍም ላይ ነጭ እስክትሆን ተቃጥላለች። መልኳ ያው የአጥንት ነው፤ በሁለት ጣቴ ጫን ሳደርጋት ግን... ሰማችሁ? ኮምጣጤው ማዕድኑን አሟሟው፣ ክሩ ቀረ። እሳቱ ክሩን በላው፣ ማዕድኑ ቀረ። ማዕድኑ ካልሲየምና ፎስፌት ነው፤ አጥንትን የሚያጠነክረው እሱ ነው። ክሩ ኮላጅን ይባላል፤ ቶሎ እንዳይሰበር የሚይዘው ደግሞ እሱ ነው።

ቤት የመረገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጭቃ ያለ ጭድ ከተመረገ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ጭድ ካለበት ግን ስንጥቁ ይያዛል፣ ዞር ይላል፣ ይደክማል። ጤነኛ አጥንት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሮቹ በስስ ንጣፍ ላይ ንጣፍ ሆነው ተደርድረዋል፤ የአንዱ ንጣፍ አቅጣጫ ከሌላው ይለያል። የተነሣ ስንጥቅ በየንጣፉ ወሰን ሲጠማዘዝ ጉልበቱን ይጨርሳል።

በተሰባሪ አጥንት በሽታ፣ ኦስቲዮጄነሲስ ኢምፐርፌክታ በሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ጭዱ ነው። ኮላጅን ከሦስት ፈትል የተገመደ ገመድ ነው። ፈትሉ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ፈትል በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን የምትባለው ትቀመጣለች፤ ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት፣ የግምዱ መሀል ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ከእሷ በቀር የሚበቃው የለም። በዘር መመሪያው አንዲት ፊደል ተሳስታ በቦታዋ ወፈር ያለ ከገባ ግምዱ ይበላሻል። ከባድ የሆኑት ዓይነቶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣሉ። ቀለል በሚለው ዓይነት ገመዱ ደህና ነው፣ የሚሠራው ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ልጆች አንዱ ገደማ ይህ በሽታ አለበት። እናትና አባት ጤነኛ ሆነውም ሊወለድ ይችላል።

አሁን ወደ ወተቱ ልምጣ። «ካልሲየም አንሶት ነው፣ ወተት ስጪው» ያላልን ማን አለ? የእነዚህ ልጆች አጥንት በእርግጥ ቀጭንና የሳሳ ነው። ያለችው አጥንት ስትመረመር ግን በማዕድን ከጤነኛው ይበልጥ የታጨቀች ሆና ትገኛለች። ጭዱ ቢጎድል ጭቃው በዛ። ንጣፉ ሥርዓት አጥቷል፣ የደም ሥር ቦዮቹም በዝተዋል። ስንጥቅ ሲነሣ የሚያጠማዝዘው የለም፤ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣችብኝ። ሦስተኛ ስብራቱ ነበር። በፊት የሄደችበት ጤና ተቋም «ማን መታው?» ብለው ፖሊስ ሊጠሩባት ደርሰው ነበር። «ጨርቁን ስቀይርለት ቀጭ አለ» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች ሳይሆን መሬት እያየች። እኔስ ምን ተሻልኩ? ካልሲየም ሽሮፕ ጽፌ ሸኘኋት። የዓይኑ ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እንደነበር ልብ ያልኩት ለአራተኛው ስብራት ስትመለስ ነው።

ሕክምናው ቢስፎስፎኔት የሚባል መድኃኒት ነው፤ አጥንትን የሚበሉትን ሴሎች ያዘገያል፣ አጥንቱ ይወፍራል። ገመዱን ግን አያድስም። የጎበጠ እግር ካለ በቀዶ ሕክምና ተቃንቶ ዘንግ ይገባበታል፤ ከልጁ ጋር የሚረዝም ዘንግም አለ።

ወጌሻዎች ሆይ፣ ልጅ በትንሽ ነገር ደጋግሞ ከተሰበረ አትሹት፣ አትጎትቱት። ባለበት በቀርከሃችሁ ደግፉት፣ ሳታጠብቁ እሰሩት፣ ላኩልን። ዓይኑንም እዩ፣ ጥርሱንም፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የዓይን ነጭ አንድ ምልክት ነው፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ቶሎ የሚሸራረፍ ጥርስ ሌላ ምልክት ነው። ስብራቱ ይገጥማል፣ አብሽሩ።

እናቴ፣ ከፊት ያሉት፣ እስቲ ይህን አሻንጉሊት ይያዙልኝ። ጨርቅ ስንቀይር ሁለቱን ቁርጭምጭሚት ይዘን ወደ ላይ ነው የምናነሣው፣ አይደል? ተዉት። አንዱን እጅ ጣት ዘርግተው ከመቀመጫው ሥር ያስገቡ፣ ሌላውን ከራሱና ከትከሻው ሥር። በብብቱ አይሆንም። አዎ፣ እንደሱ። አሁን ቀስ አድርገው ያንሱት፤ ሌሎቻችሁም ተራ በተራ ኑ።