የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ስማርት ቤት በገዛ እጅ

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ለጀማሪ አርዱዪኖ ኡኖ ይሻላል ወይስ ኢኤስፒ32?

ኢኤስፒ32። ሁለቱም በኮድ የሚታዘዙ ትንንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች ናቸው፤ ኢኤስፒው ግን ዋይፋዩ አብሮት ነው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ኢኤስፒ32ቱ የቤቴን ዋይፋይ አያይም፤ ስልኬ ግን ይሠራል።

ራውተርህ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እየሠራ ይሆናል። የተለመደው ኢኤስፒ32 የሚያውቀው 2.4ን ነው። እሱን ክፈትለት።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ በራሱ እንዲጠፋ እየሠራሁ ነው። በድምፅ ርቀት የሚለካውን ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር ገዝቻለሁ።

ጎበዝ! ግን የሴንሰሩ ኢኮ እግር (ልኬቱን የሚልክበት) የሚያወጣው 5 ቮልት ነው፤ ኢኤስፒው የሚችለው 3.3 ነው። ቮልቱን በሁለት ሬዚስተር ቀንሺው፦ ባለ 1 ኪሎ ኦሙን ከኢኮ ወደ ኢኤስፒው እግር፣ ባለ 2 ኪሎ ኦሙን ከዚያው እግር ወደ ግራውንድ (ጂኤንዲ)። ፓምፑን በትንሽ ሪሌይ (ቦርዱ በሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ) እንዳታስነሺ። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከረንት ብዙ እጥፍ ነው፤ ኮንታክተር (ለከባድ ጭነት የተሠራ ትልቅ ሪሌይ) ያስፈልገዋል። ያንን ኤሌክትሪሺያን ይሥራልሽ። 220 ቮልቱ ጋ ስትደርሱ ብሬከር አጥፉ!

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የእናቴን ምጣድ ከስልኬ ላብራላት ብዬ ነው። ሪሌዩ ላይ 10 አምፔር ተጽፏል፤ ይበቃል?

አይበቃም። ይሄ ጥያቄ መቼ እንደሚያልቅ እንጃ!

አስላው። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። መጀመሪያ ይሠራል፤ የሚያታልለውም ይሄ ነው። እንጀራው ይወጣል፣ አንተም ለጓደኞችህ ታሳያለህ። ውስጥ ግን ብሎኑና ቀጭኑ የቦርዱ መስመር ይግላሉ፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል። አንድ ቀን የሪሌዩ ብረት ይጣበቃል። ስልክህ «ጠፍቷል» ይልሃል፣ ምጣዱ ግን ይነዳል።

«ባለ 30 አምፔር እገዛለሁ» የሚል አይጠፋም። ሽቦውስ? ሶኬቱስ? ደግሞ መብራት ሄዶ ይመጣል። ኮዱ ገና ሲነሳ ሪሌዩን እንዲያጠፋ ካልተጻፈ፣ ሰው በሌለበት ቤት ምጣዱ ሊበራ ይችላል።

ለመሆኑ ምጣድ ከሩቅ ማብራት ምን ይሠራል? እናትህ ሊጥ ይዘው አጠገቡ ናቸው፤ ማብሪያውን መጫን አላቃታቸውም። መርዳት ካማረህ ሊጡ ያለበትን ክፍል ሙቀት ለካላቸው። ዲኤችቲ22 ሴንሰር በ3.3 ቮልት ይሠራል፤ ማንንም አይገድልም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ መብራቱን በሪሌይ አጥፍቼ አምፖል ስቀይር ነዘረኝ።

ሪሌዩ የቆረጠው ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ሳይሆን አይቀርም፤ ፌዙ (የሚነዝረው ሽቦ) አምፖሉ ጋ አለ። ብሬከር ሳታጠፋ ነበር ማለት ነው፤ ስንቴ ልበል? አሁኑኑ አጥፋውና ኤሌክትሪሺያን ጥራ። ይሄ በስልክ የሚታከም አይደለም።